እንግዳው መምህርና የፊደል ገበታው

ስለ ህንድ የክርስትና ሚሲዮን የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ገጻቸውን የሚሰጡት ሄደው ላልተመለሱት ሰዎች ነው፤ በ1706 ትራንኬባር በምትባል የደቡብ ህንድ ወደብ ወርዶ፣ ታሚልኛ ተምሮ፣ አዲስ ኪዳንን ወደዚያው ቋንቋ መልሶ በ1719 እዚያው ለተቀበረው ለጀርመናዊው ባርቶሎሜዎስ ዚገንባልግ፣ ወይም በ1793 ቤንጋል ገብቶ በ1834 እስኪሞት ድረስ አገሩን እንግሊዝን ዳግመኛ ላላየው ለዊልያም ኬሪ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ጎን ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር፤ ለጥቂት ወራት መጥቶ፣ ከአንዱ የሚሲዮን ጣቢያ ወደ ሌላው በባቡር እየተጓዘ፣ ያየውን ጽፎ ያወቀውን አስተምሮ የሚመለስ እንግዳ መምህር። እንዲህ ያለው እንግዳ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ወይ ከልክ በላይ ይወደሳል፣ ወይ ጨርሶ ይዘለላል። ይህ ምዕራፍ ከእንግዶቹ የአንዱን፣ የአሜሪካዊውን የፍራንክ ላውባክን፣ የህንድ ጉዞዎች የሚመለከት ሲሆን፣ ከሰውየው ዝና ይልቅ ይዞት ለዞረው የፊደል ገበታና እንግዳው ባቡሩን ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ ገበታው በእጃቸው ለቀረው ለአገሩ ሠራተኞች የበለጠ ቦታ ይሰጣል።

ላውባክ ከጎብኚዎቹ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1919 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የካንዲ ትሪኒቲ ኮሌጅ ኃላፊ የነበረው አሌክሳንደር ፍሬዘር የመራው ቡድን ሚሲዮኖች በህንድ መንደሮች የከፈቷቸውን ትምህርት ቤቶች ዞሮ መርምሮ በማግስቱ ዓመት ዘገባውን አሳተመ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የኦክስፎርዱ የቤልየል ኮሌጅ ኃላፊ ኤ. ዲ. ሊንድሴይ የመራው ሌላ ቡድን የክርስቲያን ኮሌጆችን ይዞታ አጥንቶ በ1931 ውጤቱን አቀረበ። ሁለቱም ቡድኖች የመጡት ለመመርመር ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ምክር ሰጥተዋል፣ ምክሩም እንደ ብዙ ምክር ሁሉ በከፊል ተሠርቶበት በከፊል መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። ላውባክን የተለየ የሚያደርገው ከዘገባ ይልቅ የሥራ መሣሪያ ይዞ መምጣቱ ነው።

ፍራንክ ቻርልስ ላውባክ በ1884 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ቤንተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ፣ በ1915 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ጥናት፣ ማለትም በሶሲዮሎጂ፣ የዶክትሬት ማዕረግ አግኝቶ በዚያው ዓመት ሚሲዮናዊ ሆኖ ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። ለዓመታት በሌሎች ሥራዎች ከቆየ በኋላ፣ በ1930 ገደማ በሚንዳናኦ ደሴት በላናኦ ሐይቅ ዳርቻ በሚኖሩት ማራናው በተባሉት ሙስሊሞች መካከል ሠፈረ። ማራናዎች የውጭ ሰው ሃይማኖታቸውን እንዲነካባቸው ስላልፈቀዱ የስብከቱ በር ዝግ ነበር፤ የተከፈተው በር የቋንቋቸው ነበርና ላውባክ ንግግራቸውን በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ጥቂት ቁልፍ ቃላትን መርጦ፣ ከእነዚያ ቃላት ቀለሞች ሌላውን ሁሉ የሚያስነብብ አጭር ገበታ አዘጋጀ። ቀጥሎ የመጣው ነገር ከሊቅነቱ ይልቅ ከድህነት የተወለደ ነው፤ በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ምክንያት ከአሜሪካ የሚላከው ገንዘብ ሲደርቅና ለአስተማሪዎች የሚከፈል ደመወዝ ሲጠፋ፣ እርሱ ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ከማራናው አለቆች አንዱ የተማረ ሁሉ ሌላ ሰው የማስተማር ግዴታ እንዲኖርበት አዘዘ። በኋላ በዓለም የታወቀው «እያንዳንዱ አንድ ሰው ያስተምር» የሚለው መርሕ ከዚህ ትእዛዝ ተነሣ። መርሑ የተወለደበት አፈር በኋላ ለሚነሣው ጥያቄ ወሳኝ ስለሆነ አንባቢው ልብ ሊለው ይገባል፤ ላናኦ ዝምድና የጸናበት፣ የአለቃ ቃል የሚከበርበት፣ ሕዝቡም በአንድ ቋንቋ የሚናገርና በአንድ ሃይማኖት የታቀፈ አገር ነበር።

በ1935 ላውባክ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ መንገዱን በእስያ በኩል አድርጎ ህንድን ጎበኘ፤ ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ ውስጥ ደጋግሞ ተመልሷል፣ በ1940ም ህንድ ትማር ዘንድ የሚከራከር መጽሐፉ በማዕከላዊ ህንድ በጀባልፑር ታተመ። ያገኘው አገር በ1931ዱ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአሥር ሰው አንዱ እንኳ በደንብ ማንበብ የማይችልበት፣ በሴቶች መካከል ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም እጅግ ያነሰ አገር ነበር።

የዚያን ዘመን የሚሲዮን ሠራተኛ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ሳይታወቅ የእንግዳ መምህር ጉዞ አይገባም። የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች እርስ በርስ ላለመሻማት አገሩን በስምምነት ተከፋፍለውት ስለነበር በአንድ ወረዳ የሚገኙት ክርስቲያኖች አንግሊካን፣ በጎረቤቱ ያሉት ሉተራን፣ ከዚያ አለፍ ሲል ያሉት ሜቶዲስት ወይም ፕሬስቢቴሪያን ነበሩ፤ አንድ ገበሬ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደሚሆን የሚወስነው እምነቱን መርምሮ መምረጡ ሳይሆን የመንደሩ አቀማመጥ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እነዚህን የተበታተኑ ጣቢያዎች የሚያገናኘው በ1923 የተቋቋመው ብሔራዊ የክርስቲያን ምክር ቤት ሲሆን፣ እንደ ላውባክ ያለ ጎብኚ ከአንዱ ሚሲዮን ወደ ሌላው ሳይከለከል ሊዘዋወር የቻለውም እንዲህ ያለ የጋራ አካል በመኖሩ ነበር። በየጣቢያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቅጥር ግቢ፣ በግቢው ውስጥ የሚሲዮናውያኑ ቤት፣ ጸሎት ቤት፣ አዳሪ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይገኛሉ። የውጭው ሰው የመጀመሪያ ዓመታቱን የሚያሳልፈው ሙንሺ ወይም ፓንዲት ከሚባል አገሬ መምህር እግር ሥር ቋንቋ በመማር ነበርና፣ ብዙው ሚሲዮናዊ ማስተማር ከመጀመሩ በፊት ራሱ ተማሪ ነበር።

የሥራውን ዓመት የሚከፋፍለው ወቅቱ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቃዛና ደረቅ ወራት ሚሲዮናዊው ድንኳኑን በበሬ ጋሪ ጭኖ ከመንደር ወደ መንደር ይዞራል፤ ሚያዝያና ግንቦት ሲገባ የሜዳው ሐሩር ሰውን ስለሚያስመርር አቅም ያለው የውጭ ሠራተኛ ሁሉ በደቡብ እንደ ኮዳይካናል፣ በሰሜን እንደ ሙሱሪ ወዳሉት ደጋ ከተሞች ይወጣል፣ የቋንቋ ትምህርት ቤቶቹና ዓመታዊ ስብሰባዎቹም የሚካሄዱት እዚያ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ የክረምቱ ዝናብ መንገዱን ይዘጋዋል። ስለዚህ እንግዳ መምህር ብዙ ሚሲዮናውያንን በአንድ ጊዜ ማግኘት ቢሻ ደጋውን፣ መንደሩንና ተማሪውን ማየት ቢሻ ግን የቅዝቃዜውን ወራት መምረጥ ነበረበት። ደጋ ላይ ያስተማረ ሰው የሚያስተምረው ፈረንጁን ነው፤ በሐሩሩ ወራትም በመንደሩ የሚቀረው፣ ደመወዙ ትንሽ ስሙም በዘገባ የማይወጣው የአገሩ ወንጌላዊ፣ ካቴኪስት የሚባለው የሃይማኖት አስተማሪ፣ እና «የመጽሐፍ ቅዱስ ሴት» እየተባለች የምትጠራው፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ሴቶችን የምታስተምር ሠራተኛ ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች የማንበብን ጉዳይ አጥብቀው የፈለጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ፣ በተለይም የተናቁ ተብለው ከጉድጓድ ውኃና ከትምህርት ቤት በተገለሉት፣ ዛሬ ዳሊት በሚባሉት ማኅበረሰቦች ዘንድ፣ ክርስትና የተስፋፋው በነጠላ ሰው ሳይሆን በቤተሰብ፣ በጎሣና በመንደር ነበር፤ ይህንኑ ሂደት በሰፊው ያጠናው የሜቶዲስቱ ዋስኮም ፒኬት «የጅምላ እንቅስቃሴ» ብሎ በጠራው ክስተት ላይ መጽሐፉን በ1933 አሳተመ። በቴሉጉ ተናጋሪዎች አገር የዶርናካል ሀገረ ስብከት ጳጳስ የነበረው፣ በ1912 በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ህንዳዊ ጳጳስ ሆኖ የተሾመው ቬዳናያጋም ሳሙኤል አዛርያ፣ እንዲህ ባለው እንቅስቃሴ የመጡ እጅግ ብዙ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች እረኛ ነበር። ፕሮቴስታንትነት የመጽሐፍ ሃይማኖት ነው፤ ምእመኑ ቅዱስ መጽሐፍን ራሱ እንዲያነብ ይጠብቃል። መጽሐፉን ማንበብ የማይችል ምእመን ሲበዛ ግን የሚቀረው ያው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ያልሆነው መንገድ ነው፤ ጸሎቱን፣ መዝሙሩንና ታሪኩን በቃል መያዝ። በቃል መያዝ የሚናቅ አይደለም፣ ይሁን እንጂ የመሬት ውል፣ የአበዳሪ ደብተርና የመንግሥት ማስታወቂያ በቃል አይያዙም፤ በህንድ መንደር ማንበብ የማይችለውን ሰው በየዓመቱ ዕዳ ውስጥ የሚነክረውም ያ ደብተር ነበር።

አሁን ወደ ገበታው ራሱ እንምጣ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው በጽሕፈቱ ሥርዓት ውስጥ ስለሆነ ጥቂት መዘግየት ያስፈልጋል። ሂንዲና ማራቲ የሚጻፉበት ዴቫናጋሪ፣ እንዲሁም የቤንጋሊ፣ የቴሉጉና የታሚል ፊደላት ሁሉ ከጥንቱ የብራህሚ ጽሕፈት የተወለዱ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ አንድ ተነባቢ ድምፅ የራሱ መሠረታዊ ቅርጽ አለው፣ ያም ቅርጽ ምንም ሳይጨመርበት አንድ የታወቀ አናባቢን አዝሎ ይነበባል፤ አናባቢው ሲለወጥ በቅርጹ ላይ፣ ከታች፣ ከፊት ወይም ከኋላ ምልክት ይቀጠልበታል። ሀ ሁ ሂን የቆጠረ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም፣ የዓለም የጽሕፈት ሥርዓት ተመራማሪዎችም የዚህን ወገን አጻጻፍ ዛሬ የሚጠሩበት ስም «አቡጊዳ» ነው፤ ስሙን በ1990 ከግዕዝ ፊደል ቆጠራ ወስዶ የጥናት ቃል ያደረገው አሜሪካዊው ፒተር ዳንኤልስ ነው። የአማርኛ ሠላሳ ሦስቱ ቤቶች በሰባት ተባዝተው 231 ሆሄያት ሲሰጡ፣ የታሚልኛ አሥራ ስምንት ተነባቢዎች በአሥራ ሁለት አናባቢዎች ተባዝተው 216 ይሰጣሉ፣ ብቻቸውን የሚቆሙት አናባቢዎችና ተነባቢዎች እንዲሁም አንድ ልዩ ምልክት ሲታከሉበት ጠቅላላው 247 ይሆናል።

ልዩነቱ የሚመጣው አናባቢ የሌለው ተነባቢ ሲያጋጥም ነው። ግዕዝ ለዚህ ሳድስን ይጠቀማል፤ ታሚልኛ ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ያኖራል፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ዴቫናጋሪ ግን ሁለት ተነባቢዎች ያለ አናባቢ ሲገጣጠሙ ብዙውን ጊዜ አጋብቶ አንድ አዲስ ቅርጽ ይሠራላቸዋል፣ ይህም ጥምር ፊደል ሁልጊዜ ወላጆቹን ላይመስል ይችላል። በዚህ ላይ የአጭሩ «ኢ» ምልክት ሲነገር ከተነባቢው በኋላ ይምጣ እንጂ ሲጻፍ ከፊቱ ስለሚቆም፣ የአርባ ዓመት ሰው ዓይኑ ወደ ኋላ ምላሱ ወደ ፊት እየሄዱ መደናገሩ አይቀርም። ኡርዱ ደግሞ ከፋርስና ከዓረብ በተወረሰ፣ አጫጭር አናባቢዎችን አብዛኛውን ጊዜ በማይጽፍ፣ ፊደሉም እንደ ቦታው ቅርጹን በሚለዋውጥ ጽሕፈት ይጻፋል፤ ቃሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያነበዋል፣ የማያውቀው ግን ይገምታል። በሰሜን ህንድ የነበሩት ሚሲዮኖችና የእንግሊዝ ጦር ኡርዱን በላቲን ፊደል እስከመጻፍ የደረሱት ለዚህ ነበር፤ መፍትሔው ለመማር ቀላል ቢሆንም ተማሪው ከሠፈሩና ከግቢው ውጪ የሚያነበው ምንም ነገር እንዳይኖረው ስላደረገ፣ ቁልፉን ሰጥቶ በሩን እንደመንሣት ያለ ነበር።

የላውባክ ገበታ የተመሠረተው በአንድ ቀላል ዘዴ ላይ ነው፤ የፊደሉን ቅርጽ፣ ቅርጹን የሚመስል ነገር ሥዕልና ስሙ በዚያው ድምፅ የሚጀምር ቃልን አንድ ላይ ማሰር። ዘዴውን በአማርኛ መሞከር ለሚፈልግ «መ» ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ሁለቱ ክቦች መነጽር ይመስላሉ፣ «መነጽር» የሚለውም ቃል የሚጀምረው በዚያው ፊደል ነው፣ እንግዲህ ሥዕሉን ያየ ቃሉን ያስታውሳል፣ ቃሉን ያስታወሰ ድምፁን ያገኛል፣ ድምፁም ወደ ቅርጹ ይመልሰዋል። ገበታው በአንድ ረድፍ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ቃሉን፣ ቀጥሎ ቀለሙን፣ መጨረሻም ፊደሉን ብቻውን ያሳያል። ይህ ለአንድ ፊደል ቀላል፣ ለሁሉም ፊደላት ግን እጅግ አድካሚ ሥራ ነው፤ ቃሉ በየጎጆው የታወቀ፣ በሥዕል የሚገለጽ፣ በትክክለኛው ድምፅ የሚጀምርና ከፊደሉ ቅርጽ ጋር የሚመሳሰል መሆን አለበትና። የህንድን ቋንቋዎች የማያውቅ እንግዳ ይህን ብቻውን ሊሠራው አይችልም። ላውባክ የሐሳቡ ባለቤት ነበር፤ ቃላቱን የሚለቅሙት፣ አንዱ ቃል በሚቀጥለው ወረዳ ሌላ ትርጉም እንዳለው የሚያስጠነቅቁት፣ ሥዕሉ በገበሬ ዓይን ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ግን የአገሩ መምህራንና በቋንቋው ውስጥ ረጅም ዓመት የኖሩ ሚሲዮናውያን ነበሩ። በመጻሕፍት ሽፋን ላይ የእንግዳው ስም ብቻ ጎልቶ መቅረቱ ያለ አግባብ ነው።

ከገበታው ይልቅ ዕድሜ ያለው ምናልባት የአስተማሪው ጠባይ ላይ ያቀረበው ትምህርት ሳይሆን አይቀርም። ላውባክ አስተማሪው ከተማሪው ፊት እንዳይቆም፣ ከጎኑ እንዲቀመጥ፤ ጎልማሳውን የማያውቀውን ጥያቄ ጠይቆ እንዳያሳፍረው፤ ሲሳሳት እንዳይቆጣው፤ ያወቀውን ቶሎ ብሎ እንዲያደንቅለት አጥብቆ ያሳስብ ነበር። ይህ ዛሬ ተራ ጨዋነት ይመስላል። በአለንጋና በጩኸት ፊደል በሚቆጠርበት ዘመን፣ ያውም በልደቱ ምክንያት ከትምህርት ቤት ደጃፍ ሲባረር ለኖረ ሰው፣ ከጎን መቀመጥ ራሱን የቻለ ትልቅ ነገር ነበር።

ሚሲዮናውያኑ ሁሉ ግን ዘዴውን በእልልታ አልተቀበሉትም፣ በተለይም ቀድሞ የራሱ መንገድ የነበረው ሰው። በፓንጃብ ሞጋ በምትባል ከተማ ፕሬስቢቴሪያኖች ያቋቋሙት የመንደር መምህራን ማሠልጠኛ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በመላው ህንድ ስሙ የተጠራ ነበር፤ በዚያ ልጆች የሚማሩት ቤት በመሥራት፣ አትክልት በመኮትኮት፣ የመንደር ሱቅ በማቋቋም ሲሆን፣ ማንበብንም የሚጀምሩት ከተነጠለ ፊደል ሳይሆን ከሙሉ ተረት ነበር። ተረቱ መጀመሪያ ይነገራል፣ በድርጊት ይታያል፣ ከዚያ ይጻፋል፣ ከዚያ ወደ ዓረፍተ ነገር፣ ወደ ቃል፣ በመጨረሻም ወደ ፊደል ይወረዳል። ለሞጋ ሰዎች ገበታ ወደ ድሮው የፊደል ጩኸት መመለስ መስሎ ቢታይ የሚያስገርም አይሆንም። በእርግጥ ሁለቱ መንገዶች የሚጣሉት እንደሚመስለው አይደለም፤ የሞጋው ልጅ ለመማር ዓመታት አሉት፣ የላውባክ ተማሪ ግን ከእርሻ የተመለሰ ደካማ ሰው ነው፣ ፋኖሱ ሥር ሊቀመጥ የሚችለው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነውና በፍጥነት አንድ ነገር ማንበብ ካልቻለ ተመልሶ አይመጣም። ጊዜ ያለውን ተረቱ፣ ጊዜ የሌለውን ገበታው ይሻለዋል ማለት ያስኬዳል፤ ቀለምን ነጥሎ የሚያሳይ አቡጊዳ ጽሕፈትም ለገበታው መንገድ የተመቸ ነበር።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የመጣው ከማህተማ ጋንዲ ነው። ላውባክ በህንድ ጉዞው ጋንዲን አግኝቶ ስለ ፊደል ዘመቻ ተወያይቶ ነበር፣ የጋንዲ አቋም ግን ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የታወቀ ነው፤ በ1937 ሐሪጃን በተባለው ጋዜጣው ላይ ማንበብና መጻፍ ብቻውን ትምህርት ሊባል እንደማይገባ፣ የልጅም ትምህርት መጀመር ያለበት ጠቃሚ የእጅ ሙያ በመልመድ መሆኑን ጽፏል። የተቃውሞው ሥር ጥልቅ ነው። እንግሊዞች ባመጡት ትምህርት የተኮተኮተው ህንዳዊ ከመንደሩ ተነቅሎ የቢሮ ጸሐፊ ሲሆን ያየው ጋንዲ፣ ፊደል ሰውን ከእጁ ሥራና ከሕዝቡ እንዳይለየው ይሠጋ ነበር። ይህ ሥጋት ለሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም በደንብ የሚመለከታቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ምሩቃኖቻቸው ወደ መንደር አልተመለሱም። ዳሩ ግን ገበሬው ጥጡን ሲሸጥ ሚዛኑንና ደረሰኙን የሚያነብለት ሰው ሌላው ወገን መሆኑን ስንመለከት፣ በዚህ ነጥብ ላይ ክርክሩን ጋንዲ ረቷል ማለት ያስቸግራል።

በሥራው ሜዳ ግን መርሑን የፈተነው የጋንዲ ተቃውሞ ሳይሆን የመንደሩ አሠፋፈር ነበር። በላናኦ አንዱ አንዱን ያስተምር ሲባል ዘመድ ዘመዱን ያስተምራል ማለት ነው። በህንድ መንደር ግን ዳሊቱ የሚኖረው ከመንደሩ ውጪ በተለየ ሠፈር ሲሆን፣ ከፍተኛው መደብ አብሮት አይቀመጥም፣ ከእርሱ መማርማ የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ አንዱ ሠፈር ጫፍ ሲደርስ ይበጠሳል። በፓርዳ፣ ማለትም ሴቶች ከባዕድ ወንድ ዓይን ተከልለው በሚኖሩበት ልማድ ምክንያት፣ ወንድ የሆነው እንግዳ መምህር ወደ ብዙ ሴቶች ጓዳ ገበታውን ይዞ መግባት አይችልም ነበር። ያን ሰንሰለት የቀጠሉት የመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች ናቸው፣ እነርሱም ይህን ሥራ ላውባክ ከመወለዱ በፊት ጀምረውታል። ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ በሌለበት፣ በነፃ ማስተማርን ከበጎ ፈቃድ በቀር የሚያጸናው ነገር አልነበረም፣ በጎ ፈቃድም መከር ሲደርስ ይላላል።

ከ1937 ጀምሮ በብዙ የህንድ ክፍለ አገሮች በምርጫ ያሸነፈው የኮንግረስ ፓርቲ መንግሥታት ሲያቋቁም የፊደል ዘመቻው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ወጣ። በቢሃር የትምህርት ሚኒስትሩ ሳይድ ማሕሙድ በ1938 ሕዝባዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስነሣ፤ በሌሎች ክፍለ አገሮችም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ተጀመረ። ሆኖም በ1939 መገባደጃ፣ እንግሊዝ ህንድን ሳታማክር ወደ ጦርነት በማስገባቷ፣ የኮንግረስ ሚኒስትሮች ሥልጣናቸውን ለቀቁ፣ ዘመቻዎቹም ዋና ደጋፊያቸውን አጡ።

በእነዚህ ዓመታት ሠራተኞቹ የተረዱት ትልቁ ነገር ግን የፊደል ቆጠራው ከሥራው ሁሉ ቀላሉ መሆኑን ነው። ጎልማሳው በጥቂት ሳምንታት ገበታውን ይጨርሳል፣ የመጀመሪያዋን ትንሽ መጽሐፍ ያነባል፣ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ነገር ያጣል። ጋዜጣው የተጻፈው ለከተማ ሰው፣ በሳንስክሪት ወይም በፋርስኛ ቃላት በታጨቀ ቋንቋ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፉም የተተረጎመው በሊቃውንት ቋንቋ ነው። ዓመት ሳይሞላ ሰውየው ወደነበረበት ይመለሳል፣ ቀድሞውንም ያልተማረ ሰው የሌለው አንድ ነገር ግን ይጨመርበታል፤ ሞክሮ እንዳልሆነለት ማመን። ላውባክ በኋለኞቹ ጉዞዎቹ ስለ ገበታ የሚናገረውን ያህል ለአዲስ አንባቢ ስለሚሆን ቀላል ጽሑፍ መናገሩ ከዚህ የተነሣ ነው፤ እንግዳው መምህር ከአስተናጋጆቹ የተማረው ዋናው ትምህርት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በ1952 በናግፑር፣ የስኮትላንድ ሚሲዮን በ1883 ባቋቋመው በሂስሎፕ ኮሌጅ፣ አሜሪካዊው ሮላንድ ወልዝሊ ሌላ ጎብኚ መምህር ሆኖ መጥቶ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ማቋቋሙም የዚያ ዘመን መንፈስ አካል ነበር፤ አንባቢ የሚፈጥር ሰው ጸሐፊም መፍጠር እንዳለበት ግልጽ ሆኖ ነበርና።

ነፃ በወጣችው ህንድ በ1951 በተደረገው ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው 18.3 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ ከ9 በመቶ ያነሰ ነበር። በ1952 መንግሥት የማኅበረሰብ ልማት ፕሮግራሙን ሲጀምር ላውባክ እንደገና መጣ፣ በዚህ ጉዞ ወደ ሥራው ከገቡት መካከልም ዌልዚ ፊሸር ነበረች፤ የሜቶዲስት ጳጳስ ባልቴት የሆነችው፣ ዕድሜዋ ከሰባ ያለፈ፣ ቀድሞ በቻይና ያስተማረች ሴት። እርሷ ግን ጎብኚ ሆና አልቀረችም። በ1953 በአላሃባድ፣ ሳም ሂጊንቦተም የተባለ ሚሲዮናዊ ባቋቋመው የግብርና ኢንስቲትዩት አጠገብ፣ የመንደር የፊደል መምህራንን የምታሠለጥንበት ሊትረሲ ሃውስ የተባለ ማዕከል ከፈተች፤ በ1956 ማዕከሉ ወደ ላክናው ተዛወረ። ሕንፃዎቹን የነደፈው ሎሪ ቤከር ሲሆን፣ እርሱም በሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ሊሠራ በሚሲዮን በኩል መጥቶ ህንድን አገሩ ያደረገ እንግሊዛዊ ነበር፤ በአካባቢው ጡብና በርካሽ ዋጋ የመሥራት ጥበቡ በኋላ በኬረላ ታዋቂ አድርጎታል።

ጊዜው ለሚሲዮን የተመቸ አልነበረም። በ1954 የማድያ ፕራዴሽ ግዛት መንግሥት በቀድሞው ዳኛ በኒዮጊ ሰብሳቢነት ያቋቋመው ኮሚቴ በ1956 ባወጣው ዘገባ ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ሆስፒታልን ሃይማኖት ለማስቀየር መሣሪያ ያደርጋሉ ሲል ከሰሰ፣ ዋና ዓላማቸው ሃይማኖት ማስቀየር የሆነ የውጭ ሰዎች ከአገር እንዲወጡም አሳሰበ። ክርስቲያኖቹ ዘገባው አድልዎ እንዳለበት ተከራክረዋል፤ ክሱ ግን ከባዶ የተነሣ አልነበረም፣ ብዙ ሚሲዮናውያን ፊደል የሚያስቆጥሩት ወንጌል እንዲነበብ መሆኑን ራሳቸውም አይደብቁም ነበር። ፊሸር በላክናው ግቢ ውስጥ ለሁሉም ሃይማኖት ሰው ክፍት የሆነ የጸሎት ቤት ማሠራቷና የማስተማሪያ ጽሑፎቹ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ ጤና እንዲሆኑ ማድረጓ፣ ከእምነቷ በተጨማሪ ይህን ዘመን ያነበበ ውሳኔ ይመስላል።

ከሊትረሲ ሃውስ ሥልጠና የሚወጣው መምህር ትምህርቱን በአሻንጉሊት ቲያትር እያዋዛ ያቀርብ ዘንድ ይማራል፤ ማንበብ ያልቻለው ጎረቤትም እየሳቀ ከጎኑ ይቀመጣል። ማዕከሉ ከገበታው በኋላ ለሚመጣው ረሃብ ያገኘው መልስ ደግሞ የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ለአዲስ አንባቢ በቀላል ሂንዲ የተጻፉ ትንንሽ መጻሕፍት ታጭቀውበት ብስክሌት ላይ ይታሰራል፣ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ አንዱ መንደር አንብቦ ሲጨርስ ሳጥኑ ተዘግቶ ወደሚቀጥለው ይነዳል፣ በዝናቡ ወራት ግን ጭቃው ብስክሌቱን ስለሚይዘው የመጨረሻው መንደር መጻሕፍቱን እስከ መስከረም ያቆያቸዋል።